ምዕራፍ 4፦ ከሥዕሉ በፊት ዝላዩ

በቪዲዮ ጌም ውስጥ ተጫዋቹ ደጋግሞ የሚያደርገው ነገር ገጸ ባሕርዩን ማንቀሳቀስ ነው። ታሪኩን አንዴ ይከታተላል፤ ሥዕሉን ለጥቂት ጊዜ ያደንቅና ይለምደዋል። የመሮጫውንና የመዝለያውን ቁልፍ ግን ጌሙን ከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ አይለቃቸውም። ቁልፉ ሲነካ ገጸ ባሕርዩ የሚሰጠው ምላሽ ከዘገየ ወይም ከተዛባ የትኛውም ሙዚቃና ሥዕል አይክሰውም። ይህን ምላሽ ከሌላው ሥራ ሁሉ አስቀድሞ፣ በትንሽ ወጪ ሠርቶ መሞከር የእንቅስቃሴ ናሙና መሥራት ይባላል።

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ሱፐር ማሪዮ 64 የዚህ ቅደም ተከተል ጥሩ ማሳያ ነው። ሺጌሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ ማሪዮን ከጠፍጣፋው ዓለም ወደ ባለ ሦስት ገጽታ ዓለም ሲያሻግሩት በቤተ መንግሥቱና በተራሮቹ አልጀመሩም። መጀመሪያ የሠሩት ጌጥ የሌለው ቀላል ክፍል፣ ማሪዮን ራሱንና ሲያሳድደው የሚሸሽ ጥንቸል ነበር። ጥንቸሉን ማሳደድ ብቻውን የሚያስደስት እስኪሆን ድረስ ሩጫውንና መታጠፊያውን አረሙት። ያ ጥንቸል ሚፕስ የሚል ስም ይዞ በተጠናቀቀው ጌም ምድር ቤት ውስጥ ቀርቷል፤ ፈልጎ የሚይዘውም ኮከብ ይሸለማል።

ናሙና የሚሠራው አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው። ጥያቄው “ይህ ዝላይ በእጅ ሲያዝ ምን ይመስላል?” ከሆነ ከዝላዩ ጋር የማይገናኝ ሁሉ ይቀራል፤ ነጥብ መቁጠሪያው፣ ጠላቱ፣ የመክፈቻ ገጹ፣ ድምፁ። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች ይህን ጥብቅነት እስከ መጨረሻው ገፍተውት ነበር። ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያስተዋውቁ በአንድ የትምህርት ወሰነ ጊዜ ብቻ ከ50 በላይ ጌሞች ሠርተው ነበር። ደንባቸው አጭር ነው፤ እያንዳንዱን ጌም አንድ ሰው ብቻውን፣ ከ7 ቀን ባነሰ ጊዜ፣ እንደ ስበት ባለ አንድ ርዕስ ዙሪያ ይሠራዋል። ብዙዎቹ ተረስተዋል። ከአራቱ ተማሪዎች አንዱ የሆነው ካይል ጌብለር ከሠራቸው አንዱ ግን አድጎ እ.ኤ.አ. በ2008 ወርልድ ኦፍ ጉ የተባለው ታዋቂ ጌም ሆኗል። የትኛው እንደሚያድግ ሳይሞከር በፊት ማወቅ አይቻልም፤ ለዚህም ነው እያንዳንዱ ሙከራ ርካሽ መሆን ያለበት።

ከጎን ለሚታይ የሩጫና የዝላይ ጌም ናሙና የሚያስፈልገው ቦታ ይህን ያህል ነው፦ አንድ ረጅም ወለል፣ አንድ ግድግዳ፣ ቁመታቸው የተለያየ ሦስት እርከኖች፣ ስፋታቸው የተለያየ ሁለት ክፍተቶችና ጭንቅላት የሚነካ አንድ ዝቅተኛ ጣሪያ። ይህ ቦታ በጎኑ 16 ፒክሰል በሆነ ካሬ ይከፋፈላል። ገጸ ባሕርዩ ደግሞ ስፋቱ 16፣ ቁመቱ 32 ፒክሰል የሆነ ቀለም የተቀባ አራት ማዕዘን ነው። ወለል ሲነካ አረንጓዴ፣ አየር ላይ ሲሆን ቀይ እንዲሆን ቢደረግ ብዙ ድካም ያቀልላል። ጠፍጣፋ ወለል ላይ ሲሮጥ ቀይ ብልጭ ካለ ፕሮግራሙ ገጸ ባሕርዩ ቆሞ ሳለ “አየር ላይ ነው” ብሎ እያሰበ ነው ማለት ነው፤ በዚያች ቅጽበት የተነካ የዝላይ ቁልፍ ከንቱ ይቀራል።

እግርና እጅ ያለው ሥዕል በዚህ ደረጃ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ያማረ ሥዕል የእንቅስቃሴውን ጉድለት ይሸፍናል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሠዓሊው “ከመዝለሉ በፊት ጉልበቱን ይጠፍ” ብሎ የጨመረው ውብ እንቅስቃሴ ዝላዩን ሲያዘገየው ነው። አራት ማዕዘኑ ምንም የሚደበቅበት ነገር የለውም።

ጌሙ የሚሠራው በፍሬም፣ ማለትም ተከታትለው በሚሳሉ ነጠላ ሥዕሎች ነው። አብዛኛው ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም ለማሳየት ይሞክራል፤ ይህም ለአንድ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይሰጣል። በየፍሬሙ ፕሮግራሙ ቁልፎቹን ያነባል፣ ፍጥነቱን ይለውጣል፣ ገጸ ባሕርዩን በዚያ ፍጥነት ያንቀሳቅሳል፣ ከግድግዳና ከወለል ጋር መጋጨቱን ይመረምራል፣ በመጨረሻም ይስላል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ ቁልፉ ከእንቅስቃሴው በኋላ ከተነበበ ምላሹ ያለ ምንም ጥቅም አንድ ፍሬም ይዘገያል። ፍጥነት ሁሉ በሰከንድ ተለክቶ ካለፈው ፍሬም ወዲህ ባለፈው ጊዜ መባዛት ይኖርበታል። “በየፍሬሙ 3 ፒክሰል ሂድ” ተብሎ የተጻፈ ሩጫ በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ በሚችል ስልክ ላይ በግማሽ ፍጥነት ይጎተታል።

ዩኒቲ የተባለውን የጌም መሥሪያ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ የሚወድቁበት አንድ ጉድጓድ አለ። ዩኒቲ የግጭትና የስበት ስሌቱን ከሥዕሉ ለይቶ፣ ካልተቀየረ በስተቀር በሰከንድ 50 ጊዜ ያካሂዳል። “ቁልፉ አሁን ተነካ ወይ?” የሚለው ጥያቄ በዚህ ስሌት ውስጥ ከተጠየቀ ቁልፉ በሁለት ስሌቶች መካከል በታየ ፍሬም ላይ ተነክቶ ሊያመልጥ ይችላል። ተጫዋቹ ቁልፉን መንካቱን እርግጠኛ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ግን አልዘለለም። ችግሩ አንዳንዴ ብቻ ስለሚታይ ምክንያቱን ለማግኘት ያስቸግራል። መፍትሔው ቁልፉን በየሥዕሉ ማንበብ፣ መነካቱን መመዝገብና የስሌቱ ተራ ሲደርስ የተመዘገበውን መጠቀም ነው።

ከሁለቱ እንቅስቃሴዎች ቀለል የሚለው ሩጫው ነው። ከፍተኛው ፍጥነት በሰከንድ 160 ፒክሰል፣ ማለትም 10 ካሬ ይሁን። ገጸ ባሕርዩ እዚህ ፍጥነት ላይ ወዲያው ከደረሰ እንቅስቃሴው ይደርቃል። በ0.1 ሰከንድ፣ በ6 ፍሬም ውስጥ ከደረሰ ዓይን ሳያየው እጅ የሚሰማው ክብደት ያገኛል። ቁልፉ ሲለቀቅ በዚያው 0.1 ሰከንድ ውስጥ ከቆመ የሚንሸራተተው 8 ፒክሰል፣ ግማሽ ካሬ ነው። መቆሚያው ወደ 0.4 ሰከንድ ሲረዝም መንሸራተቱ 32 ፒክሰል ይደርሳል፤ ሁለት ካሬ ማለት ነው። ያኔ ወለሉ በረዶ ይመስላል፤ በጠባብ እርከን ላይ ያረፈ ሁሉ ይወድቃል። ወደ ቀኝ ሲሮጥ የግራ ቁልፍ ከተነካ ደግሞ መቆሚያው ከተለመደው የጠነከረ ቢሆን ይመረጣል፤ ተጫዋቹ ዞር ማለት እንደፈለገ በግልጽ ተናግሯልና።

አየር ላይ ያለ ገጸ ባሕርይ አቅጣጫውን ይለውጥ ወይስ አይለውጥ? እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ዶንኪ ኮንግ ማሪዮ አንዴ ከዘለለ በኋላ የተጀመረው መንገድ አይታጠፍም። በ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ግን አየር ላይም እያለ ይመራል። በ1986 የወጣው ካስልቫኒያ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። በዚያ እያንዳንዱ ዝላይ ከመነሳቱ በፊት የሚታሰብበት ውሳኔ ነው፤ የጌሙም ጭንቀት ከዚያ ይመነጫል። ሁለቱም መንገድ የራሱ ውበት አለው። የማያዋጣው መሃል ላይ ሳያውቁ መቆም ነው፤ ተጫዋቹ መምራት እንደሚችል ተስፋ ሰጥቶ ሊሰማ የማይችል ያህል ትንሽ መምሪያ መስጠት።

ወደ ዝላዩ ሲመጣ ብዙ ሠሪዎች የስበትንና የመነሻ ፍጥነትን ቁጥር በግምት እየለዋወጡ ይደክማሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ስለተያያዙ አንዱ ሲነካ ሌላው ይበላሻል። የተሻለው መንገድ ከውጤቱ መነሳት ነው። ዝላዩ ምን ያህል ከፍ ይበል? ጫፍ ለመድረስስ ስንት ጊዜ ይፍጅ? ጌም ሠሪው ካይል ፒትማን እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በተካሄደው ዓመታዊ የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ይህንን መንገድ በሚገባ አብራርቶታል፤ ሒሳቡም ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አያልፍም። ስበቱን ለማግኘት ከፍታው በ2 ተባዝቶ በራሱ ለተባዛው ጊዜ ይካፈላል። የመነሻ ፍጥነቱን ለማግኘት ደግሞ ከፍታው በ2 ተባዝቶ ለጊዜው ይካፈላል። ከፍታው 4 ካሬ ወይም 64 ፒክሰል፣ ጊዜው 0.4 ሰከንድ ይሁን። 128 ለ0.16 ሲካፈል ስበቱ 800 ይሆናል፤ 128 ለ0.4 ሲካፈል የመነሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 320 ፒክሰል ይሆናል።

እውነተኛውን የመሬት ስበት መጠቀም የማይሆንበት ምክንያት ከዚሁ ሒሳብ ይታያል። ባለ 32 ፒክሰሉ ገጸ ባሕርይ 1.75 ሜትር ቁመት ያለው ሰው ከሆነ 64 ፒክሰል 3.5 ሜትር ነው። በእውነተኛው ስበት ያንን ያህል የዘለለ አካል ተነስቶ እስኪያርፍ 1.7 ሰከንድ ያህል ይቆያል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ተጫዋቹ ምንም ሳይሠራ ይጠብቃል፤ ገጸ ባሕርዩም እንደ ፊኛ የሚንሳፈፍ ይመስላል። በተመረጠው ቁጥር ግን ጉዞው በሙሉ 0.8 ሰከንድ ይፈጃል።

ያም ቢሆን እየወጣ ያለው ግማሽና እየወረደ ያለው ግማሽ እኩል ሲሆኑ ዝላዩ ትንሽ ይለሰልሳል። ብዙ ጥሩ ጌሞች ቁልቁል ሲሆን ስበቱን ያከብዱታል። መውረጃው ላይ ስበቱ እጥፍ፣ 1600 ቢሆን የመውረጃው ጊዜ ከ0.4 ወደ 0.28 ሰከንድ ያጥራል። ይህ ለውጥ ግን ርቀቱንም ይነካል። በእኩሉ ስበት በሙሉ ፍጥነት የዘለለ ገጸ ባሕርይ 128 ፒክሰል ይጓዝ ነበር፤ አሁን የሚጓዘው 109 ያህል ብቻ ነው። የመውረጃው ፍጥነትም ገደብ ይፈልጋል። ከረጅም ገደል የወደቀ አካል በአንድ ፍሬም ከ16 ፒክሰል በላይ መጓዝ ከጀመረ አንድ ካሬ ውፍረት ያለውን ወለል ሳይነካው አልፎት ሊሄድ ይችላል። በሰከንድ 480 ፒክሰል፣ ማለትም በፍሬም 8 ፒክሰል፣ በቂ ገደብ ነው።

ቁልፉን ነካ አድርጎ የለቀቀና ተጭኖ የያዘ ሰው አንድ ዓይነት ዝላይ ማግኘት የለባቸውም። ለዚህ ቀላሉ ዘዴ ገጸ ባሕርዩ እየወጣ ሳለ ቁልፉ ከተለቀቀ ፍጥነቱን በግማሽ መቁረጥ ነው። እንደተነሳ ወዲያው የተቆረጠ ዝላይ ከ320 ወደ 160 ይወርድና 16 ፒክሰል ያህል ብቻ ይወጣል፤ የያዘው 64 ይደርሳል። በአንድ ቁልፍ ከአንድ ካሬ እስከ አራት ካሬ ያለው ሁሉ ይገኛል ማለት ነው። በዚህ ምዕራፍ ካሉት ማሻሻያዎች በትንሽ ኮድ ብዙ የሚሰጠው ይህ ነው።

ቁጥሮቹ በወረቀት ላይ ትክክል ሆነው በስክሪን ላይ የማይሠሩበት ጊዜም አለ። ፕሮግራሙ በየፍሬሙ መጀመሪያ ፍጥነቱን ቀንሶ ከዚያ በተቀነሰው ፍጥነት ካንቀሳቀሰ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም 64 ፒክሰል የተባለው ዝላይ የሚደርሰው 61.3 ላይ ነው፤ በ30 ፍሬም ደግሞ 58.7 ላይ። ልክ 4 ካሬ ከፍታ ያለው እርከን ላይ አይወጣም፤ ሠሪው ግን ሒሳቡን ደጋግሞ ሲያየው ስሕተት አያገኝም። በየፍሬሙ ከመቀነሱ በፊትና በኋላ ያሉትን ፍጥነቶች አማካይ መጠቀም ችግሩን ያጠፋል።

እስካሁን ያለው ሁሉ ፊዚክስ ነው። ጥሩ እንቅስቃሴ ከመካከለኛው የሚለይበት ግን ፊዚክሱን ለተጫዋቹ ሐሳብ በማጎንበስ ነው። ሰው የሚያየው ሥዕል ከኮምፒውተሩ ስሌት ጥቂት ፍሬሞች ወደ ኋላ የቀረ ነው። ስክሪኑ 3 ፍሬም ቢዘገይ በሙሉ ፍጥነት የሚሮጠው ገጸ ባሕርይ ከሚታይበት ቦታ 8 ፒክሰል ቀድሞ ሄዷል። ተጫዋቹ ጠርዙን አይቶ በትክክለኛው ጊዜ ቁልፉን ይነካል፤ በፕሮግራሙ ዘንድ ግን እግሩ ከጠርዙ አልፏልና ዝላይ አይፈቀድም። “ነክቼው ነበር!” ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ስለዚህ ከጠርዝ ካለፈ በኋላም ለአጭር ጊዜ መዝለል ይፈቀድለታል። ጌም ሠሪዎች ይህን ኮዮቴ ታይም ይሉታል፤ በአሜሪካው ካርቱን ገደሉን አልፎ አየር ላይ ለአፍታ ከሚቆመው ኮዮቴ የመጣ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሴሌስት ለዚህ 0.1 ሰከንድ ይሰጣል። ሴሌስት በጣም ከባድ ጌም ነው፤ ሠሪዎቹ ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ የገጸ ባሕርይዋን የእንቅስቃሴ ኮድ ለሕዝብ ስለለቀቁት በዚያ ክብደት ውስጥ የተሰወረውን ምሕረት ማንም ቆጥሮ ሊያየው ይችላል። ስትዘል የጭንቅላቷ ጥግ የጣሪያውን ጠርዝ በጥቂቱ ከነካ እስከ 4 ፒክሰል ወደ ጎን ተገፍታ ታልፋለች። በዝላዩ ጫፍ አካባቢ ቁልፉ ከተያዘ ስበቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ተጫዋቹ የት እንደሚያርፍ ለማነጣጠር ቅጽበት ያገኛል። ይህ ጌም ራሱ የተወለደው ከናሙና ነው። ሁለቱ ሠሪዎች መጀመሪያ ፒኮ 8 በተባለው፣ ስክሪኑ 128 በ128 ፒክሰል በሆነ ትንሽ የጌም መሥሪያ ላይ በአራት ቀን ውስጥ ሠርተውት ነበር።

የኮዮቴ ታይም ግልባጭ ከማረፍ በፊት ለተነካ ቁልፍ ነው። ተጫዋቹ ቶሎ ለመዝለል ብሎ ወለሉ ከመነካቱ 0.1 ሰከንድ ቀድሞ ቁልፉን ቢጫን ፕሮግራሙ ጥያቄውን ያስታውስና እግሩ መሬት እንደነካ ይፈጽመዋል። ከ64 ፒክሰል እየወደቀ ላለው አራት ማዕዘን ያ ጊዜ ከወለሉ 37 ፒክሰል ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ከራሱ ቁመት ይበልጣል። ሁለቱን ምሕረቶች አንድ ላይ ሲያስገቡ አንድ ጥንቃቄ አለ። የተዘለለ ዝላይ የኮዮቴውን ጊዜ ወዲያው ካላጠፋው አንድ ጊዜ የነካ ሰው አየር ላይ ሁለተኛ ጊዜ ሊዘል ይችላል።

በስልክ ላይ ጉዳዩ ይለወጣል። መስታወት ላይ የተሳለ ቁልፍ ጠርዙ በጣት አይታወቅም፤ አውራ ጣትም ሥዕሉን ይሸፍናል። የሩጫ ጌሞች በስልክ ላይ የተስፋፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሩጫው በራሱ ስለሚሄድ ለጣት የሚቀረው መሸሽና መዝለል ብቻ ነው። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራው፣ ዶሮ ከአሳዳጇ የምታመልጥበት ኩኩሉ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በዚህ ዓይነት ጌም ናሙና ላይ ቀድሞ የሚፈተሸው ጣት መስታወቱን ሲጠርግ ምላሹ መቼ ይጀምራል የሚለው ነው። ጣቱ እስኪነሳ የሚጠብቅ ፕሮግራም ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ጣቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንደተጓዘ አቅጣጫውን የሚወስን ፈጣን ነው። ርቀቱ በፒክሰል ሳይሆን በሚሊ ሜትር መለካቱም ያስፈልጋል፤ የስልኮች ፒክሰል መጠኑ አንድ አይደለምና።

ናሙናው ሲያልቅ ሠሪው ራሱ መጥፎ ዳኛ ነው። ሲቀምስ የዋለ ወጥ ሠሪ ጨዉ እንደሚጠፋበት ሁሉ፣ ጌም ሠሪም እጁ የዝላዩን ጉድለት ስለለመደው ጉድለቱ አይሰማውም። ጌሙን አይቶት ለማያውቅ ሰው መስጠትና ምንም ሳያብራሩ እጁን ማየት ይሻላል። “ወደድከው?” የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም፤ ሰው በይሉኝታ “ጥሩ ነው” ይላል። አውራ ጣቱ ግን ይሉኝታ አያውቅም። የዝላዩን ቁልፍ ደጋግሞ የሚቀጠቅጥ ከሆነ ዝላይ እየጠፋበት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍተት ጋ ደርሶ የሚቆም ከሆነ መቆሚያውን አላመነውም። መዘግየቱን በቁጥር ማወቅ ለሚፈልግ፣ በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ጣቱንና ስክሪኑን አንድ ላይ ይቅረጽና ቁልፉ ከወረደበት እስከ መጀመሪያው እንቅስቃሴ ያሉት ፍሬሞች ይቆጠሩ፤ 24 ፍሬም 0.1 ሰከንድ ነው።

ቁጥሮቹ ጌሙ እየሄደ ሳለ የሚቀየሩ፣ ከኮዱም ውጭ በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ ቢሆኑ አንድ ከሰዓት የሚፈጀው ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል። አንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይነካል፤ የነበረውም ይመዘገባል። የሲቪላይዜሽን ሠሪ ሲድ ማየር ቁጥር ሲለወጥ እጥፍ ወይም ግማሽ ይደረግ በሚለው ምክሩ ይታወቃል። ስበቱን ከ800 ወደ 840 ያደረገ ሰው ልዩነቱን አያየውም፤ ወደ 1600 ያደረገ ግን የሚፈልገው በየት በኩል እንዳለ ወዲያው ያውቃል።

ዝላዩ ከተወደደ በኋላ ከናሙናው የሚወሰዱት ቁጥሮቹ ናቸው። በጥድፊያ የተጻፈው ኮድ ተጥሎ ለዋናው ጌም እንደ አዲስ ይጻፋል። የጌሙን ቦታዎች የሚነድፈው ሰውም ከእነዚሁ ቁጥሮች ይነሳል። ገጸ ባሕርዩ 109 ፒክሰል ይጓዛል፤ የኋላ ጠርዙ ወለሉን እስኪለቅ ቆይቶ ቢዘል የራሱ 16 ፒክሰል ስፋት ይጨመርለታል፤ ድምሩ 125 ነው። ስለዚህ 5 ካሬ ክፍተት ማንም ይሻገረዋል፣ 6 ካሬ ትኩረት ይጠይቃል፣ 112 ፒክሰል የሆነው 7 ካሬ ለለመደ እጅ ነው። 128 ፒክሰል የሆነውን 8 ካሬ መሻገር የሚቻለው በኮዮቴው 0.1 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ በየትኛውም ደረጃ ላይ አይነደፍም፤ ያ ጊዜ ለሳተ ሰው የተሰጠ እንጂ ተጫዋቹ ሊያውቀው የሚገባ ግዴታ አይደለም። ከዚህ በኋላ የሩጫው ፍጥነት ወይም ስበቱ ከተነካ የተነደፈው ክፍተት ሁሉ እንደገና መለካት አለበት። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ደረጃ መነደፍ የሚጀምረው እነዚህ ቁጥሮች ከተዘጉ በኋላ ነው።